ከሆዱ የሚያጨስ ትራክተር
ለሰበካ ጉባኤያትና ለአጥቢያ ልማት ኮሚቴዎች የቀረበ ማብራሪያ

ከሁሩታና ከአካባቢዋ አጥቢያዎች ለፕሮጀክት ክፍላችን ከሚቀርቡ ጥያቄዎች መካከል አንዱ በየዓመቱ፣ በተለይም ውቂያው ካለቀ በኋላ፣ ሳይቀር ይመጣል። «ትራክተራችን ከሆዱ ያጨሳል፤ ሞተሩ አልቆለታል ተብለናል፤ ምን እናድርግ?» የሚል ነው። ጥያቄው የመካኒክ ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን በስተጀርባው ምእመናን ከስንዴያቸው ቀንሰው ያዋጡት ገንዘብ አለ፤ በሰበካ ጉባኤው ቃለ ጉባኤ የተፈረመበት ንብረት አለ፤ ትራክተሩ በወቅቱ ካልተነሣ ሳይታረስ የሚያልፍ መሬት አለ። ኮሚቴው በአንድ ባለሙያ ቃል ብቻ ተነሥቶ ሞተሩን በሙሉ ለማሳደስ ቢወስን፣ የብዙ ዓመት ቁጠባ በአንድ ወር ያልቃል። ነገሩን ንቆ ቢተወው ደግሞ ትራክተሩ በእርሻ መካከል ይቆማል።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምናስረዳው ነገር ይህ ነው፦ ከሞተር ሆድ የሚወጣ ጭስ የሞት ማስረጃ አይደለም፤ መልእክት ነው። መልእክቱን ለማንበብ ደግሞ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ጥቂት ምርመራዎች አሉ። ከምርመራው በፊት ገንዘብ መውጣት የለበትም። ከሁሉም በላይ ጭሱ የሚወጣበት ቀዳዳ በምንም ምክንያት መደፈን የለበትም።

በአርሲ ደጋ ትራክተር እንግዳ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት እርዳታ መቀመጫውን አሰላ ላይ ያደረገው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) ከተቋቋመ በኋላ የተሻሻለ ዘርና ማዳበሪያ በአካባቢው ተስፋፋ። የድርጅቱ ዓላማ አነስተኛውን ገበሬ ማገዝ ነበር። ይሁን እንጂ ትርፉን ያዩ ባለ ርስቶች በራሳቸው ትራክተር ማረስ ሲጀምሩ ብዙ ጭሰኞች ከሚያርሱት መሬት ተፈናቀሉ። ሽማግሌዎች ስለ ትራክተር ሲያወሩ ድምፃቸው የሚለወጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ እኛም ልንረሳው አይገባም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ከታወጀ በኋላ በእነ ዲክሲስና ሎሌ የመንግሥት እርሻዎች ተከፈቱ። በ1970ዎቹም በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ናዝሬት ላይ የትራክተር መገጣጠሚያ ፋብሪካ ተቋቋመ፤ ቤላሩስ የሚባለው ትራክተርም በየገጠሩ ታወቀ። ዛሬ በአጥቢያዎቻችን እጅ የሚገኙት አሮጌ ትራክተሮች በአብዛኛው ከሁለቱ ወገን ናቸው፤ ወይ ማሴ ፈርጉሰን ወይ ቤላሩስ። ከሦስትና ከአራት እጅ በላይ ያለፉም አሉባቸው።

ጭሱ ከየት ይመጣል?

የናፍጣ ሞተር አየርን በሲሊንደር ውስጥ ከ16 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይጨምቃል። የተጨመቀው አየር ከ500 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ስለሚግል፣ ናፍጣው ሲረጭበት ያለ ሻማ ይቃጠላል። በዚያች ቅጽበት በፒስተኑ አናት ላይ የሚያርፈው ግፊት በመኪና ጎማ ውስጥ ካለው አየር ከሃያ እጥፍ በላይ ነው። ይህን ግፊት አግዶ የሚይዘው በፒስተኑ ወገብ ላይ የተጠመጠሙ ቀጫጭን የብረት ቀለበቶች ናቸው፤ መካኒኮቻችን ፋሻ ይሏቸዋል። ፋሻው የሚንሸራተትበት የሲሊንደሩ ውስጠኛ ግድግዳ ካሚቻ ወይም ሊነር ይባላል።

ፋሻ ቀለበት እንደ መሆኑ አንድ ቦታ ላይ የተቆረጠ ነው፤ ስለዚህ ፍጹም ሊዘጋ አይችልም። በአዲስ ሞተር እንኳ ጥቂት የተቃጠለ ጋዝ በፋሻው ጎን አልፎ ወደ ታች፣ ክራንክ ሻፍቱና ዘይቱ ወዳሉበት ወደ ሞተሩ ሆድ ይገባል። ይህ አምላጭ ጋዝ በውጭ አገር መጻሕፍት ብሎው ባይ ይባላል። በውስጡ ጥላሸት፣ የውሃ እንፋሎትና ዘይትን የሚያበላሽ አሲድ አለ። በሆዱ ውስጥ ታምቆ እንዳይቀር ሞተሩን የሠሩት ሰዎች መውጫ አበጅተውለታል። ይህ መውጫ መተንፈሻ (ብሪዘር) ይባላል። በቤላሩስ ከሞተሩ በላይ፣ ቫልቮቹን በሚሸፍነው ክዳን ላይ፣ የሽቦ ወንፊት ያለበት ሆኖ ይገኛል። በብዙዎቹ ማሴ ፈርጉሰኖች ደግሞ ከሞተሩ ጎን ወደ ታች የሚንጠለጠል ቱቦ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው «ያጨሳል ወይስ አያጨስም?» የሚል ሊሆን አይገባም። ጥቂት ማጨስ ጤና ነው። ትክክለኛው ጥያቄ «ከአምናው ይልቅ ዘንድሮ ምን ያህል ጨመረ?» የሚለው ነው።

የፋሻውን ድካም ለመረዳት አንድ ስሌት ይበቃል። የቤላሩስ ኤም ቲ ዜድ 80 ሞተር ፒስተን በአንድ ምት 125 ሚሊ ሜትር ይጓዛል፤ በአንድ ዙር ሲወጣና ሲወርድ 250 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ሞተሩ በደቂቃ 2200 ዙር ሲዞር ፋሻው በደቂቃ 550 ሜትር፣ በሰዓት 33 ኪሎ ሜትር ይንሸራተታል። በስምንት ሰዓት የእርሻ ቀን 264 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህን ሁሉ መንገድ የሚሄደው ከወረቀት በሳሳ የዘይት ሽፋን ላይ ነው። በዚያ ዘይት ውስጥ አሸዋ ቢገባ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

መተንፈሻውን መድፈን

ሰዎች መተንፈሻውን የሚደፍኑት በክፉ ልብ አይደለም። ጭሱ የነጂውን ዓይን ያቃጥላል፤ የሚንጠባጠበው ዘይት ሞተሩን ያቆሽሻል፤ ዘይቱም ይጎድላል። «ቀዳዳውን ብንዘጋው ዘይት ይተርፋል» የሚለው አሳብ ለጊዜው ምክንያታዊ ይመስላል።

አንድ አጥቢያ ያደረገውን ልንገራችሁ። የማሴ ፈርጉሰን ትራክተራቸውን መተንፈሻ ቱቦ በጨርቅ ጠቅልለው በእንጨት ሰኩት። ሁለት ቀን ጭሱ ጠፋ፤ ሁሉም ደስ አለው። በሦስተኛው ቀን ትራክተሩ ማርሽ ቢገባለትም ማረሻውን መጎተት አቃተው። የሆነው ነገር እንዲህ ነው፤ መውጫ ያጣው ጋዝ በሆዱ ውስጥ ተጠራቅሞ ደካማውን በር ፈለገ። ደካማው በር ክራንክ ሻፍቱ ከሞተሩ ወደ ኋላ በሚወጣበት ቦታ ያለው የዘይት ማገጃ ነው። በአሮጌዎቹ የፐርኪንስ ሞተሮች ይህ ማገጃ ገመድ መሰል ስለሆነ ብዙ ግፊት አይችልም። ዘይቱ በዚያ ገፍቶ ወጣና ፍሪሲዮኑን አራሰው፤ በዘይት የራሰ ፍሪሲዮን ደግሞ ይንሸራተታል እንጂ አይጎትትም። ማገጃውን ለመቀየር ትራክተሩን ከወገቡ ለሁለት መክፈል ያስፈልጋል። ለዚያ የተከፈለው ገንዘብ በመጀመሪያ ፋሻውን ለመቀየር ከሚያስፈልገው ብዙም አያንስም ነበር፤ ፋሻው ግን እንደ ነበረ ነው።

ሰው ሳይደፍነው ራሱ የሚደፈንበት ጊዜም አለ። በቤላሩስ መተንፈሻ ውስጥ ያለው የሽቦ ወንፊት በጥላሸትና በዘይት ጭቃ ይዘጋል። ስለዚህ ዘይት በየማገጃው የሚያፈስ ሞተር ሲገኝ ከሁሉ አስቀድሞ መተንፈሻውን ፈትቶ በናፍጣ ማጠብና ማድረቅ ይገባል። ሥራው የአንድ ሰዓት ነው፤ ወጪውም ግማሽ ሊትር ናፍጣ። ፍሰቱ በዚህ ብቻ የቆመላቸው ሞተሮች ጥቂት አይደሉም።

ጭሱን ከነጂው ለማራቅ ለሚፈልግ የተፈቀደ መንገድ አለ። ከመተንፈሻው አፍ የማይጠብ ቱቦ ቀጥሎ ወደ ታችና ወደ ኋላ መውሰድ፣ ከጫፉም ክዳኑ የተበሳ የፕላስቲክ ዕቃ አንጠልጥሎ የሚንጠባጠበውን ዘይት መቀበል ይቻላል። ቱቦው በመንገዱ መታጠፍም መርገብም የለበትም፤ በረገበበት ቦታ ውሃ ተጠራቅሞ ይዘጋዋል።

ጭሱን ወደ አየር ማስገቢያው መልሶ ማገናኘት ግን ሌላ ነገር ነው። በዘመናዊ ሞተሮች እንዲህ መደረጉ እውነት ነው፤ ነገር ግን እነርሱ ዘይቱን ከጋዙ የሚለይና ግፊቱን የሚቆጣጠር መሣሪያ ተበጅቶላቸዋል። አሮጌና ብዙ ጋዝ የሚያመልጥበት የናፍጣ ሞተር ያለዚህ መሣሪያ የራሱን የዘይት ጉም መልሶ ቢስብ፣ ዘይቱን እንደ ነዳጅ አቃጥሎ ከነጂው ቁጥጥር ሊያመልጥ ይችላል። ናፍጣው ቢዘጋም አይጠፋም፤ ዙሩ እየጨመረ ይሄድና ሊፈነዳ ይችላል። እንዲህ ያለ አደጋ ቢደርስ የሚያቆመው አየሩን መከልከል ብቻ ነው፤ በእጅ ወይም በጨርቅ ሳይሆን በወፍራም ሳንቃ የአየር ማስገቢያውን አፍ መክደን ነው። ካልተቻለ ከትራክተሩ መራቅ ይሻላል። የሰው ሕይወት ከሞተር ይበልጣል።

ጭስ ሁሉ አንድ አይደለም

ምርመራው ከመጀመሩ በፊት ሌላውን ጭስ ከዚህ መለየት ያስፈልጋል። በዚህ ላይ ጥቂት እንቆያለን፤ ብዙ ገንዘብ ያለ አግባብ የሚወጣው እዚህ ላይ ነውና።

በመጀመሪያ፣ ከላይ ካለው የጭስ ማውጫ የሚወጣውና ከመተንፈሻው የሚወጣው የተለያዩ ናቸው። ከጭስ ማውጫው ጥቁር ጭስ ሲወጣ ናፍጣው ከአየሩ በዝቷል ማለት ነው። ሁሩታ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። ወደ አሰላና ወደ ጭላሎ ተራራ ሲወጣ ደግሞ ይብሳል። ለዝቅተኛ ቦታ የተመጠነ የናፍጣ ፖምፓ በዚህ ደጋ ላይ ከሚገባው በላይ ናፍጣ ስለሚሰጥ ሞተሩ ጠቁሮ ያጨሳል፤ ጉልበቱም ይቀንሳል። ይህ የፋሻ በሽታ አይደለም፤ ሞተር በማደስም አይድንም። ፖምፓውን በባለሙያ ማስተካከል ይበቃዋል።

የከፍታው ነገር ሌላም ጉዳት አለው። መካኒኩ የሲሊንደሩን የጭመቃ ግፊት በመለኪያ ሲለካ ቁጥሩን ከፋብሪካው መጽሐፍ ጋር ያነጻጽራል። መጽሐፉ ግን የተጻፈው ለዝቅተኛ ቦታ ነው። ለምሳሌ መጽሐፉ 28 ባር ቢል፣ ሁሩታ ላይ አንድ ጤነኛ ሞተር ወደ 22 ባር ቢያሳይ አያስደንቅም። ይህን ያላገናዘበ ባለሙያ ያላለቀውን ሞተር «አልቋል» ብሎ ሊፈርድበት ይችላል። ከቁጥሩ መጠን ይልቅ የሲሊንደሮቹ መቀራረብ ይበልጥ ይናገራል። ሦስቱ 22 ሲሆኑ አራተኛው 14 ከሆነ፣ በሽታው በእርሱ ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሞተር ማለዳ ሲነሣ ከመተንፈሻው ነጭ እንፋሎት መታየቱ የተለመደ ነው። ሌሊቱን በሆዱ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ እየተነነ ነው። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ መጥፋት አለበት። ሳይጠፋ ከቀረ፣ ዘይቱም እንደ ወተት ከነጣ፣ የማቀዝቀዣው ውሃ ወደ ዘይቱ እየገባ ነው። በቤላሩስ ካሚቻው በቀጥታ በውሃ የተከበበ ስለሆነ ከታች ያሉት የጎማ ቀለበቶች ሲያረጁ ይህ ይደርሳል። እንዲህ ያለውን ሞተር አንድ ቀን እንኳ ማሠራት ክራንክ ሻፍቱን ያሳጣል።

ሦስተኛ፣ በዘይት መለኪያ ዘንጉ ላይ የዘይቱ መጠን ሳይጨመርበት ከፍ ብሎ ከተገኘና ዘይቱ ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ፣ ናፍጣ ወደ ሆዱ እየፈሰሰ ነው። የቀጠነው ዘይት ሲተን እንደ አምላጭ ጋዝ ይመስላል። እንዲሁም ዘይቱ ከምልክቱ በላይ ሲሞላ ክራንክ ሻፍቱ እየመታ አረፋ ያደርገዋል፤ በመተንፈሻውም ይተፋዋል። «ትንሽ ቢበዛ ይጠቅመዋል» ብሎ ዘይት የሚጨምር ነጂ ያላጋጠመው ኮሚቴ አለ ለማለት ይከብደኛል።

አራተኛው የቤላሩስ ብቻ ነው ለማለት ይቻላል። ለተጎታቹ ፍሬንና ለጎማ መንፊያ የሚያገለግል የአየር ኮምፕረሰር ከሞተሩ ጋር ተያይዞ ይሠራል፤ የሚቀባውም በሞተሩ ዘይት ነው። የእርሱ ትንሽ ፋሻ ሲያልቅ የጨመቀውን አየር ወደ ሞተሩ ሆድ ይነፋል። ኮምፕረሰሩን ከሥራ አውጥቶ ማየት ነው፤ ጭሱ ከቀነሰ በሽታው ከዋናው ሞተር አይደለም።

ኮሚቴው በራሱ ሊያደርገው የሚችለው ምርመራ

ከላይ ያሉት ሁሉ ከተጣሩ በኋላ የአምላጩን ጋዝ መጠን ማወቅ ይገባል። በትልልቅ ጋራዦች ለዚህ የተሠራ መለኪያ አለ። በአጥቢያ ደረጃ ግን የ50 ኪሎ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ የሚገኘው ስስ ላስቲክ ይበቃል። ሞተሩ ሠርቶ በደንብ ሲሞቅ የዘይት መጨመሪያውና የመለኪያ ዘንጉ ቀዳዳ በሚገባ መዘጋታቸው ይረጋገጣል። ቀዳዳ የሌለው ላስቲክ አየሩ በሙሉ ተጨምቆ ከወጣለት በኋላ በመተንፈሻው አፍ ላይ ይታሰራል። ከዚያ ሞተሩን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ዙር ላይ አድርጎ፣ ላስቲኩ እስኪሞላ የሚፈጀውን ጊዜ በሰዓት መያዝ ነው። እንደ ሞላ ወዲያው ይነሣል፤ ከማራገቢያውና ከጋለው የጭስ ማውጫም መራቅ አለበት። ላስቲኩ ስንት ሊትር እንደሚይዝ ባይታወቅ ግድ የለም፤ ሁልጊዜ መጠኑ አንድ ይሁን እንጂ።

ቀኑና ሰከንዱ በመዝገብ ይጻፍ። በመስከረም በ90 ሰከንድ የሞላው ላስቲክ በጥር በ85 ከሞላ ሞተሩ በእርጋታ እያረጀ ነው፤ መጠበቅ ይቻላል። በ45 ከሞላ ግን የሆነ ነገር ተሰብሯል፣ ወይም አቧራ ገብቷል። የሰበካ ጉባኤያችን ጸሐፊዎች የክርስትናና የጋብቻ መዝገብ በጥንቃቄ ሲይዙ እናያለን። ለትራክተሩም አንድ ደብተር ቢመድቡለት ከማንኛውም መካኒክ ምስክርነት የበለጠ ማስረጃ ይኖራቸዋል።

ቀጥሎ የጭሱን አወጣጥ መመልከት ነው። በእኩል የሚፈስ ከሆነ ሁሉም ሲሊንደሮች በአንድነት አርጅተዋል። ቡፍ፣ ቡፍ እያለ በምት የሚወጣ ከሆነ ችግሩ የአንዱ ሲሊንደር መሆኑ አይቀርም። የትኛው እንደ ሆነ ለማወቅ መካኒኩ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ወደ ኢንጀክተሮቹ የሚሄዱትን የናፍጣ ቧንቧዎች ተራ በተራ አንድ አንድ ጊዜ ያላላል። ምቱ የሚጠፋው የበሽተኛው ቧንቧ ሲላላ ነው። ይህን ነጂው ለብቻው አያድርገው። ከቧንቧው የሚረጨው ናፍጣ ቆዳ በስቶ ሊገባ የሚችል ግፊት አለው፤ እጅ ከአፉ ይራቅ፣ ዓይንም ይሸፈን።

አንዱ ሲሊንደር ብቻ ከሆነ የታመመው፣ ሙሉ እድሳት ለምን ይከፈላል? ይህን ጥያቄ ኮሚቴው ያለ ይሉኝታ መጠየቅ አለበት።

የአጥቢያ ትራክተሮች ከሌሎቹ የሚለዩበት አንድ ጠባይም አለ። ከሥራ ይልቅ መቆም ይጎዳቸዋል። ከዘር በኋላ ለወራት ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ይቆማሉ፤ ፋሻው በተቀመጠበት ቦይ ውስጥ በጥላሸት ተጣብቆ ይቀራል። የተጣበቀ ፋሻ ያለቀ ፋሻ ይመስላል፤ ግን አላለቀም። ኢንጀክተሮቹን አውጥቶ በየሲሊንደሩ ጥቂት ናፍጣና ዘይት ቀላቅሎ ጨምሮ አንድ ሁለት ሌሊት ማሳደር አንዳንድ ጊዜ ያላቅቀዋል። ከዚያ በኋላ ኢንጀክተሮቹ ሳይመለሱ ሞተሩን አዙሮ ፈሳሹን ማስወጣት ግድ ነው። ፈሳሽ አይጨመቅምና፣ ተዘግቶበት ቢዞር ቢየላውን ያጣምማል። ዘይቱም ይቀየራል። ሁልጊዜ ይሠራል አልልም፤ ነገር ግን ለአንድ ሊትር ናፍጣ ሊሞከር ይገባዋል። በቆመበት ወቅት «እንዳይረሳው» ተብሎ በየሳምንቱ ለአምስት ደቂቃ ማስነሣት ግን ጥቅም የለውም። ሞተሩ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ ውሃና ጥላሸት ብቻ ይተርፈዋል። በወር አንድ ጊዜ ተጎታች አስይዞ በደንብ እስኪሞቅ ማሠራት ይሻላል።

አቧራ

ፋሻና ካሚቻ በአርሲ ከዕድሜያቸው በፊት የሚያልቁበት ዋናው ምክንያት አቧራ ነው። ከአዳማ በዴራና በኢተያ በኩል የሚመጣ ሰው በበጋ የሚያየው ነጭ አቧራ ከስምጥ ሸለቆው የእሳተ ገሞራ አመድ የተገኘ ነው፤ ብረት የሚሞርድ ብርጭቆ መሰል ደቃቅ አለበት። በውቂያ ጊዜ ደግሞ ትራክተሩ መውቂያውን እያዞረ በገለባ ብናኝ ደመና ውስጥ ቀኑን ሙሉ ይቆማል።

4.75 ሊትር የሚይዘው የቤላሩስ ሞተር በሙሉ ዙሩ ሲሠራ በሰዓት ከ250 ሜትር ኩብ በላይ አየር ይስባል። አምስት በአምስት የሆነና ሦስት ሜትር ከፍታ ያለው የስብሰባ ክፍል አየር በሙሉ በአንድ ሰዓት ከሦስት ጊዜ በላይ ይገባበታል ማለት ነው። ይህን ሁሉ አቧራ የሚይዘው የአየር ፊልትሮው ነው። በአሮጌዎቹ ትራክተሮች ፊልትሮው ከታቹ ዘይት የሚይዝ ሳህን አለው፤ አቧራው በዘይቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። በውቂያና በደረቅ እርሻ ጊዜ ሳህኑ በየቀኑ መታየት አለበት። ዘይቱ ጭቃ ከሆነ ይደፋል፣ ሳህኑ ይታጠባል፣ እስከ ምልክቱ ብቻ በአዲስ ዘይት ይሞላል። ከምልክቱ በላይ ከሞላ ሞተሩ ዘይቱን ይስበዋል፤ ይህም ከላይ የተነገረውን አደጋ ሊያመጣ ይችላል።

ፊልትሮው ንጹሕ ሆኖ ሳለ ሞተሩ በአቧራ የሚያልቅበት ጊዜ ይበዛል። ምክንያቱ ከፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደው የጎማ ቱቦ መሰንጠቅ ወይም የማሰሪያው ፋሸታ መላላት ነው። ይህን ለማወቅ ሁለት ቀላል መንገዶች አሉ። ሞተሩ በዝግታ እየዞረ ሳለ የፊልትሮውን የአየር መግቢያ በጠፍጣፋ ሳንቃ አጥብቆ መክደን፤ ሞተሩ ወዲያው ታፍኖ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ በሌላ ቀዳዳ እየተነፈሰ ነው፤ በዚያው ቀዳዳ አቧራም ይገባል። ሁለተኛው፣ ቱቦውን ፈትቶ ውስጡን በነጭ ጨርቅ መጥረግ ነው። ከፊልትሮው በኋላ ባለው ቱቦ ውስጥ አቧራ ከተገኘ፣ አዲስ ፋሻ ከመግዛት በፊት ቱቦው ይቀየር። አለዚያ አዲሱም ፋሻ በአንድ የእርሻ ወቅት እንደ አሮጌው ይሆናል። ሞተር አሳድሰው በዓመቱ የተመለሱ ኮሚቴዎች ሲያጋጥሙን መጀመሪያ የምንጠይቀው ይህንኑ ነው።

እድሳቱ ግድ ከሆነ

ምርመራው ሁሉ ተደርጎ ፋሻው በእርግጥ ማለቁ ከታወቀ፣ ሥራው ከውቂያ በኋላና ከበልግ እርሻ በፊት ባለው ጊዜ ቢሆን ይመረጣል። ቴስታታው ሲነሣ ከኮሚቴው አንድ ሰው ይገኝ። የካሚቻውን ማለቅ ለማወቅ ውድ መለኪያ የግድ አይደለም። አንድ አዲስ ፋሻ በካሚቻው ታች፣ ብዙ ባልተበላው ቦታ፣ ቀጥ አድርጎ ማስገባትና የተቆረጠውን ክፍተት በቅጠል መለኪያ መለካት፤ ከዚያ ያንኑ ፋሻ ከላይ፣ ይበልጥ በተበላው ቦታ፣ መልሶ መለካት ነው። የሁለቱ ልዩነት ለ3.14 ሲካፈል የካሚቻው ስፋት ምን ያህል እንደ ጨመረ ይገኛል። ከታች 0.4 ከላይ 1.3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ልዩነቱ 0.9 ነው፤ ካሚቻው 0.29 ሚሊ ሜትር ያህል ሰፍቷል። እንዲህ በሰፋ ካሚቻ ላይ ፋሻ ብቻ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። ከላይ የሚቀረው ጠርዝም አዲሱን ፋሻ ይሰብረዋል።

በቤላሩስ ካሚቻው በመሳቢያ ወጥቶ በሌላ ስለሚተካ ሥራው በቅርብ ጋራዥ ሊሠራ ይችላል። አዲሱ ፒስተንና ካሚቻ ሲገዛ ግን በሁለቱም ላይ የታተመው የመጠን ፊደል አንድ መሆኑ ይታይ፤ ሳይመሳሰሉ ከተገጠሙ ከመጀመሪያው ቀን ያጨሳሉ። በአሮጌዎቹ ማሴ ፈርጉሰኖች ካሚቻው ስስና በኃይል የተሰካ በመሆኑ ማተሚያና የሲሊንደር መቦርቦሪያ ወዳለበት የማሽን ሱቅ መወሰድ አለበት። ስለዚህ ወጪውም ከፍ ይላል።

በውሉ ውስጥ ሦስት ነገሮች እንዲገቡ እንመክራለን። የተለካው ቁጥር ሁሉ በጽሑፍ ይሰጥ፤ የተቀየሩት አሮጌ ዕቃዎች ለዕቃ ቤት ኃላፊው ይመለሱ፤ የክፍያው የተወሰነ እጅ ትራክተሩ በእርሻ ላይ እስኪፈተን ይቆይ። ይህ ባለሙያውን መጠርጠር አይደለም። የሕዝብ ገንዘብ የያዘ ሰው የሚጠየቅበት ሥርዓት ነው፤ ቅን ባለሙያም አይከፋበትም።

የታደሰ ሞተር በዝግታ እየዞረ እንዲውል ማድረግ የተለመደ ስሕተት ነው። አዲስ ፋሻ ከካሚቻው ጋር የሚላመደው መጠነኛ ጭነት ሲያገኝ ነው። ያለ ጭነት ብዙ ከቆየ ካሚቻው እንደ መስታወት ይለሰልሳል፤ ፋሻውም ሳይላመድ ይቀራል፤ ጭሱም ይመለሳል። ስለዚህ ከሞቀ በኋላ ቀለል ያለ ተጎታች ወይም መከስከሻ ይያዝ፤ የመጀመሪያውም ዘይት ቶሎ ይቀየር።

አሮጌ ትራክተር ለመግዛት ላሰቡ አጥቢያዎች አንድ ነገር እንጨምር። ትራክተሩን ለማየት ስትሄዱ ሻጩ ሞተሩን አስቀድሞ እንዳያስነሣው ለምኑት፤ ሌሊቱን ያደረ ቀዝቃዛ ሞተር ብዙ ይናገራል። ከሞቀ በኋላ የዘይት መጨመሪያውን ክዳን ፈትታችሁ ገልብጣችሁ በቀዳዳው ላይ አስቀምጡት፤ ጥቂት ቢንቀጠቀጥ ደህና ነው፣ ተስፈንጥሮ ከወደቀ ግን ዋጋውን እንደገና መነጋገር ያስፈልጋል። የኋላውን ማገጃ አካባቢና የፍሪሲዮኑን ቤት ከታች ተንበርክካችሁ እዩ። በመጨረሻም መተንፈሻውን ፈልጉና ቱቦውን በእጃችሁ እየዳበሳችሁ እስከ ጫፉ ተከተሉት። አንዳንድ ሻጮች ቱቦውን አርዝመው ጭሱ ከኋላ ጎማው ሥር እንዲወጣ ያደርጉታል፤ ገዢውም ከፊት ቆሞ ንጹሕ ሞተር ያይ ይመስለዋል።